ግራ የዞረው ፈትል

የልጅ ልጄ ሰላም እዚሁ ሰቆጣ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገብታለች። ባለፈው ሰሞን ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ መጣችና ደጃፌ ላይ ዘፍ አለች።

"እማማ፣ ለትብብር ሥልጠና የሚቀበለን ድርጅት አጣን" አለችኝ። "አንቺ ልጅ ሆነሽ ፋብሪካ ውስጥ ሠልጥነሻል አሉ። እስቲ ንገሪን።"

ፋብሪካ ማለቷ አሳቀኝ። አንዷ ጓደኛዋ ደግሞ ስልኳን አውጥታ፣ "ይናገሩ እማማ፣ እኔ እቀዳዎታለሁ" አለች።

"ተይው ልጄ" አልኋት። "እኔ ስናገር ከሰቆጣ ተነሥቼ ኮረም እደርስና ለምን እንደሄድሁ እረሳለሁ። እጽፈዋለሁ።"

ይኸው እየጻፍሁ ነው። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ዋርካ ሥር ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ቢንጋደድ ወይም ነገሬ ቢዘበራረቅ አትፍረዱብኝ። እጄ ከብዕር ይልቅ እንዝርት ይለምዳል።

የታሪኬ መነሻ ፃግብጂ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሰቆጣ ዳር ቢሆንም በልጅነቴ ፃግብጂ ዳሩኝ። ባሌ ሰነፍ አልነበረም። በሬውም እርሻውም የተሟላ ነበር። ምላሱ ግን ዝምተኛ፣ እጁ ፈጣን ነበር። አንድ ቀን በመከር ወቅት፣ ክንዴ አብጦ አጨዳ እንኳ ሲያቅተኝ፣ ማጭዱን እዚያው እህሉ ላይ ትቼ በእግሬ ሰቆጣ መጣሁ። ወንድሜ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹ ግን ብዙ ነበሩ። "ወለላ፣ የራስሽን ጉርሻ ካገኘሽ ቤቴ ቤትሽ ነው" አለኝ። "ካላገኘሽ ግን ሽማግሌ ሲመጣ ምን ብዬ እመልሳለሁ?" እውነቱን ነው፤ ያኔ ባሏን ትታ የመጣች ሴት ምን ብላ ትኖራለች?

እንግዲህ በዚያው ዓመት ነው መንግሥት በሰቆጣ የሱፍ ሥራ ማሠልጠኛ የከፈተው። ቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ፣ "ፈትል የምታውቅ ሴት ትምጣ፤ ስጋጃና ብርድ ልብስ መሥራት ይማራሉ፣ ሲማሩም ቀለብ አላቸው" ብሎ ተናገረ። ሴቱ እርስ በርሱ ተያየ። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ ድር ላይ ተቀምጣ አትሸምንም። ሽመና የወንድ ነው፣ ያውም የሚናቅ ወንድ። "ቀለብ" የሚለውን ቃል የሰማሁ እኔ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድሁ። የወንድሜ ሚስት፣ "ሴት ሸማኔ ልትሆኚ ነው? ማን መርቆ ይቀብርሻል!" አለችኝ። "ስሞት ታያለሽ" አልኋት። እግዜር ይማራት፣ እሷ ቀድማኝ ሞተች።

ቤቱ ፋብሪካ አልነበረም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ድንጋይ የሆነ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። ውስጡ ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ እንጨት ያላቸው እንደ በር የቆሙ መወጠሪያዎች ተደርድረዋል። መምህራችን አያ ደምሴ ይባላሉ፤ የመንዝ ሰው ናቸው። መንዝ በጉም ብርዱም ብዙ ስለሆነ ሱፍ እዚያ የታወቀ ሥራ ነው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ጢማቸው ላይ ሁልጊዜ የሱፍ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን አይተውን፣ "አገራችሁ ድንጋይ ብቻ ነው፤ በጎቻችሁ ምን እየበሉ ነው ፀጉር የሚያበቅሉት?" አሉን። ማንም አልሳቀም። በኋላ ስንለምዳቸው ግን በዚያች ቀልድ ለብዙ ጊዜ ሳቅን።

ልጆች፣ እናንተ "ሥልጠና" ስትሉ ሰሌዳና ደብተር ይመስላችኋል። የአያ ደምሴ ሥልጠና በጣት ነበር። ፈትል ሲመረምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ክሩን በከንፈራቸው መካከል ያሳልፉታል። "ጣት ይለምዳል፣ ከንፈር ግን አይዋሽም" ይሉ ነበር። አንዷ ስትሳሳት አይቆጡም፤ መጥተው ከጎኗ ይቀመጡና ያበላሸችውን ቋጠሮ በወስፌ አንድ በአንድ ይፈቱታል። መቀስ አያነሡም። "የቆረጥሽው ስሕተት ሌላ ስሕተት ይወልዳል፤ የፈታሽው ያስተምርሻል" ይላሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስጋጃን ከፊት ለፊቱ አለማየታቸው ነው። ሁልጊዜ ወደ ጀርባው ዞረው ያዩታል። እንግዳ መጥቶ ፊቱን ሲያደንቅ እሳቸው ከኋላ ሆነው እህህ ብለው ይስሉ ነበር። ሲስሉ ስሕተት አይተዋል ማለት ነው።

የሥራው መጀመሪያ ውኃ ነው። የተሸለተ የበግ ፀጉር ላብና ጭቃ ይዞ ስለሚመጣ ወንዝ ወርደን በእንዶድ እናጥበዋለን። ክረምት ላይ እጃችን እስኪደነዝዝ። ከዚያ ዓለት ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ በጣታችን እየፈለቀቅን ባዘቶ እናደርገዋለን። ቀለም አልነከርንም። አያ ደምሴ፣ "በጉ ራሱ ቀለም አለው፤ ለምን ሌላ ትጨምሩበታላችሁ?" ስለሚሉ ነጩን፣ ጥቁሩንና ዳማውን ለየብቻ እናከማቻለን። ፈትሉ ደግሞ በእንዝርት ነው። የእንዝርቱን እንጨት ጭናችን ላይ በቀኝ መዳፍ እንጠርገዋለን፣ ይሽከረከራል፣ ክሩም ይጠመዘዛል። የፈተልሽው ልቃቂት ይሆናል። ከልቃቂቱ ጠንካራው ተመርጦ ድር ሆኖ ከላይ እስከ ታች ይወጠራል፤ ሌላው በድሩ ላይ ቋጠሮ በቋጠሮ እየታሠረ ስጋጃውን ያወፍረዋል። ቋጠሮ ቀላል ነው፤ ሕፃን ይማረዋል። የስጋጃው ነፍስ ድሩ ነው። ድር ከታመመ ላይ ላዩን ብታስጌጪው ዋጋ የለውም።

አሁን ስለ ሁለቱ ሴቶች ልናገር። ጥሩወርቅ የቄስ ልጅ ነበረች፤ ግንባሯ ሰፊ፣ ምላሷ እንደ ወስፌ። ዳዊት በቃሏ ትደግማለች፤ በየነገሩ ከመጽሐፍ ታመጣለች። ሌላዋ ለተኪሮስ ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅ ወዲያ፣ ከቆላው የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። በአማርኛ ስትናገር ትግርኛውንም የዋግ አገውን ኽምጣናውንም ትቀላቅለዋለች። እኛም ብንሆን ስንቆጣ በኽምጣና ነው የምንቆጣው። የለተኪሮስ ፈትል ግን ከሁላችን የቀጠነና የጠነከረ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስትፈትል እንደማንኛችንም ናት፤ ቤቷ ፈትላ የምታመጣው ልቃቂት ግን ሌላ ነው። አያ ደምሴ በከንፈራቸው አሳልፈው፣ "ይቺ ልጅ ቤቷ መላእክት ነው የሚፈትሉላት?" ይሉ ነበር። ለተኪሮስ ታዲያ ስትመሰገን አንገቷን ትደፋለች። እፍረት መስሎን ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ፋሲካ ሲቃረብ ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። መጀመሪያ ከፃግብጂ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ሆነው ወንድሜ ደጅ ተቀመጡ፤ "ባልዋ ይቅር ብሏል፣ ትመለስ" አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ይቅር ባዩ እሱ ሆነ ማለት ነው! ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እኅቴ የመንግሥት ሥራ ይዛለች። ሥራው እያለ አላስወጣትም። ሥራው ካለቀ ግን ያኔ እንነጋገር" አላቸው። ሽማግሌዎቹ፣ "እንግዲያው ሲያልቅ እንመጣለን" ብለው ተነሡ። ሲነሡም አንዱ ወደ ጓዳው ጮክ ብሎ፣ "አይዞሽ ወለላ፣ መንግሥት ሴትን ለረጅም ጊዜ አይቀልብም!" አለ።

በዚያው ሳምንት ከደሴ ወረቀት መጣ። ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሠልጣኞቹ በአንድነት አንድ ስጋጃ ሠርተው ያሳዩ፤ ሥራው የሚረባ ከሆነ ማሠልጠኛው ይቀጥላል፣ ካልሆነ ይዘጋል። ወረቀቱን ያነበቡልን አያ ደምሴ ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ "በሉ፣ ጥሩ ድር እንወጥር" ብቻ አሉ። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው የሽማግሌው ድምፅ ነበር።

ለዚያ ስጋጃ ያላፈሰስነው ላብ የለም። ድሩ ከሁላችንም ልቃቂት ተመርጦ ተወጠረ፤ የቀኙ ጎን አብዛኛው የለተኪሮስ ነበር፣ ከሁሉ የጠነከረ ስለሆነ። ዙሪያው ጥቁር፣ መካከሉ ነጭ፣ በዳማ የተሠራ እንደ ላስታ ተራሮች ወጣ ገባ ያለ መስመር አለው። የአንድ አልጋ ስፋት ይሆናል። ተቆጣጣሪው በጂፕ ከኮረም በኩል ሲደርሱ ገና ከመወጠሪያው አላወረድነውም ነበር፤ አያ ደምሴ ሰው ፊት ይውረድ ብለው ነው። ተቆጣጣሪው አጭር፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ትዕግሥት የሌላቸው ሰው ናቸው። ሾፌራቸው ከድር የሚባል የደሴ ልጅ ነው፤ ገና ከመኪናው ሲወርድ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ወደ አገራችሁ የሚያመጣው መንገድ ነው ወይስ የፍየል ሐሳብ?" ብሎ አሳቀን።

ድሩ ከላይና ከታች ተቆረጠ። ስጋጃው ወረደ። ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ተቆጣጣሪው ዙሪያውን ዞረው ሲያዩት፣ "ቆንጆ ነው" ለማለት አፋቸውን እንደ መክፈት አሉ። ያን ጊዜ የቀኙ ማዕዘን ቀስ ብሎ፣ እንደ ውሻ ጆሮ፣ ተነሣ።

ተቆጣጣሪው በጫማቸው ረገጡት። ተኛ። እግራቸውን ሲያነሡ ተነሣ። እንደገና ረገጡት። እንደገና ተነሣ። ጥሩወርቅ ሮጣ ድንጋይ አምጥታ ጫነችበት፤ ማዕዘኑ ተኛና ከድንጋዩ ቀጥሎ ያለው ጠርዝ ደግሞ ጎበጠ። ከድር ሳቁን ለመደበቅ ዞሮ ግድግዳ ማየት ጀመረ። ማንም ሌላ አልሳቀም። እኔ የማየው ማዕዘኑን አልነበረም፤ የፃግብጂን መንገድ ነበር።

"ሁለት ዓመት የመንግሥት ሱፍ በልታችሁ የሠራችሁት ይህን ነው?" አሉ ተቆጣጣሪው። ወደ አያ ደምሴ ዞረው፣ "እነዚህ ሴቶች አይማሩም። ክረምቱ ሲገባ ይዘጋል ብዬ ነው የማስታውቀው" አሉና ወደ ማረፊያቸው ሄዱ።

አያ ደምሴ ስጋጃውን ገለበጡት። በጀርባው ላይ በጉልበታቸው ተንበረከኩና መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፉ። ከዚያ ከግራው ዳርና ከቀኙ ዳር አንድ አንድ የድር ጫፍ መዘው አወጡ። ጭቃ ጠቅልለው በየጫፋቸው አሠሩ። ሁለቱንም በበሩ ብርሃን ላይ ወደ ታች አንጠለጠሏቸው።

"እዩ" አሉን።

ሁለቱ ክሮች መፈታት ጀመሩ። አንዱ ጭቃውን ይዞ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞረ። ሌላው ወደ መጥለቂያ ዞረ።

"አንዱ በቀኝ እጅ የተፈተለ ነው፣ ሌላው በግራ" አሉ። "ሁለቱ ጠብ ላይ ናቸው። አንዱ ዓይነት ለብቻው በአንድ በኩል ተሰብስቦ ሲወጠር ጠርዙን ይጠመዝዘዋል።" ማን ናት ብለው አልጠየቁም። ክሮቹን ብቻ ይዘው ቆሙ፣ ጭቃዎቹም ዝም ብለው ይዞራሉ።

ለተኪሮስ ከመካከላችን ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። "እኔ ነኝ አያ። ሰው ፊት በቀኝ እፈትላለሁ። ቤቴ ግን በቀኙ እምቢ ይለኛል፤ በግራዬ ነው የምፈትል። ልጅ ሆኜ እናቴ ግራ እጄን በጨርቅ ጠቅልላ አሥራ ነበር ያሳደገችኝ። ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነው።"

አዳራሹ ተንጫጫ። በእኛ አገር ግራ እጅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በግራ አይበላም፣ በግራ እንግዳ አይቀበሉም። ጥሩወርቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተነሣች።

"በመጨረሻው ቀን በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ይቆማሉ ይላል መጽሐፉ። አንቺ ደግሞ ከፍየል አገር መጥተሽ በግራ ትፈትያለሽ! ምን ጎደለሽ?"

"ጥሩዬ" አለች ለተኪሮስ፣ "የአበርገሌን ፍየል ሥጋ ግን አንድም ቀን ግራ ነው ብለሽ ስትመልሺ አላየሁም።"

አያ ደምሴ መሐል ገቡ። "እንዝርትሽን አምጪ" አሏት ለተኪሮስን። "በግራሽ ፍተዪ። እዚሁ፣ ሁሉም ፊት።" ተቀምጣ በግራ ጭኗ ላይ በግራ መዳፏ እንዝርቱን ጠረገችው። ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ሲወጣ ሁላችንም ቀርበን አየን። አያ ደምሴ ክሩን በከንፈራቸው አሳለፉት። "መላእክት አይደሉም ለካ" ብለው ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ያን የተጣመመ ስጋጃ ጠቅልለው ተቆጣጣሪውን ተከትለው በከድር መኪና ደሴ ሄዱ። "ነገሩን አስረዳለሁ" አሉን፤ ሌላ አልተናገሩም።

እሳቸው በሌሉበት ሰሞን ነገር ከፋ። ጥሩወርቅና ሌሎቹ፣ "ለተኪሮስ ትውጣና እኛ እንማለድ፤ ጥፋቱ የሷ ነው" ይላሉ። ለተኪሮስ ወደ አዳራሹ መምጣት አቆመች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተናድጄባት ነበር። በሷ ግራ እጅ ምክንያት እኔ ወደዚያ ቤት ልመለስ? እያልሁ ስብሰለሰል አንድ ቀን ሱፍ ላጥብ ወንዝ ስወርድ አገኘኋት። ጓዟን በቁርበት ጠቅልላ ዓለት ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ወዴት ነው?" አልኋት።

"ኒሯቅ። ምን እጠብቃለሁ?"

"መንገዱን በእግርሽ?"

"በእጄማ አልሄድም፤ እጄ አጥፊ ነው" አለችና ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ልቅሶ ሆነ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሁለታችንም ሸክማችን አንድ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ፤ እሷ እናቷ እጇን ወዳሠረችበት ቤት፣ እኔ ባሌ ወደ መታኝ ቤት። "አያ ደምሴ እስኪመለሱ ቆዪ" አልኋት። "እሳቸው ያባረሩሽ እንደሆነ እኔው ራሴ እሸኝሻለሁ።" እንዶዱን አቀበልኋት፣ አብረን አጠብን።

አያ ደምሴ ሲመለሱ ፊታቸው ከስቶ ነበር። ሰብስበው አስቀመጡን። "ሌላ እንድንሠራ ፈቅደዋል" አሉ። "ሁለተኛ ስጋጃ። ከድር ሰኔ ላይ ደመወዝ ይዞ ሲመጣ ይወስደዋል። ያ ከቀና ቤቱ አይዘጋም።" እልል አልን። ጥሩወርቅ እንኳ እልል አለች።

"ለተኪሮስስ?" አለች አንዷ።

"ለተኪሮስ ከሌለች ጠርዝ የለንም" አሉ። ከዚያ የማናውቀውን ነገር አሳዩን። አንድ የቀኝ ክርና አንድ የግራ ክር ጎን ለጎን አድርገው በስጋጃው በሁለቱም ዳር እያፈራረቁ ወጠሩ። "ለየብቻ ሲሆኑ ይጠመዝዛሉ። ጎን ለጎን ከሆኑ ግን አንዱ ሲጎትት ሌላው ይይዘዋል። አክስቴ መንዝ ላይ እንዲህ ስታደርግ አይቼ ነበር፤ ግን ግራ ፈታይ አጥታ ተወችው።" ለተኪሮስ በአደባባይ በግራዋ ስትፈትል እኔ ከጎኗ በቀኜ እፈትላለሁ። ጉልበታችን እየተነካካ፣ የሷ እንዝርት ወደዚያ፣ የእኔ ወደዚህ። ጥሩወርቅ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዞረች። በአራተኛው፣ "አንቺ ለተ፣ እስቲ ያቺን ጠረጋ አሳዪኝ" አለቻት። ለተኪሮስም፣ "ፍየል ሁኚ መጀመሪያ" አለቻት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያን ሁለተኛ ስጋጃ ስናወርደው እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን ጠበቅን። ወለሉ ላይ ተኛ። አያ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ጠበቅን፣ ጠበቅን። አልሳሉም። እሳቸው ከዚያ ቀደም ሲያደርጉት ያላየነውን ነገር አደረጉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ስጋጃው ላይ ቆሙ። "ይሞቃል" አሉ፣ ሌላ ምንም የለም።

ከድር ሰኔ ላይ መጣ፤ ጭኖ ሄደ። ክረምቱን በጭንቅ አሳለፍን፤ መንገዱ ስለተዘጋ ወሬ አይመጣም። የፃግብጂ ሽማግሌዎች ዳመናው ሳይገፈፍ መጥተው ወንድሜ ቤት ሲያድሩ፣ "ገና አልተዘጋም" ብዬ በጓዳ በኩል አለፍሁ። መስከረም ላይ ወረቀት ደረሰ። ማሠልጠኛው ይቀጥላል ይላል። ወንድሜ ራሱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ፣ "መንግሥት ሴትን ለረጅም ጊዜ ሊቀልብ ፈልጓል" ብሎ ነገራቸው። ባሌ ሌላ አገባ። ጸለይሁላት።

መስቀል እንዳለፈ አያ ደምሴ፣ "እኔ ልሄድ ነው" አሉን። ደነገጥን። "ምነው አያ?" ስንላቸው፣ "አገሬ ናፈቀኝ። ድንጋያችሁ በዛብኝ" አሉና ሳቁ። የምናውቀው ቀልድ ነበር፣ ያን ቀን ግን አላሳቀንም። ወስፌያቸውን ለእኔ ሰጡኝ። በቅሎ ላይ ወጥተው ሲሄዱ ጥሩወርቅ፣ "ስንጠቅም ትተውን ሄዱ፤ የሸዋ ሰው እንዲህ ነው" አለች። ማንም አልተከራከራትም። እኔም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ቅር ብሎኝ ቆየሁ፤ እንዲያ ስንስቅ ከርመን በአንድ ቃል ብቻ መሄዳቸው ከነከነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራዬ ዘመን ረጅም ነው፣ ነገር ግን ለእናንተ ልጆች አጭር አድርጌ ልናገረው። ሌሎች መምህራን መጡ፤ አንዱ ሐኪም ይመስል ነጭ ካፖርት የሚለብስ፣ አንዱ ቋጠሮ ሲቆጥር እንቅልፍ የሚወስደው። አንዳቸውም ጀርባውን አይገለብጡም ነበር፤ እኔ እገለብጥላቸዋለሁ። ቆይቶ ሌላ አግብቼ ልጆች ወለድሁ፤ እኔንም ረዳት አሠልጣኝ አደረጉኝ። ኒሯቅ ወርጄ ከለተኪሮስ ጋር የፍየል ፀጉር ምንጣፍ አስተማርን። እሷ ቆላው ሙቀት ላይ ስትፈነጥዝ እኔ ዛፍ ሥር ተኝቼ እጠብቃታለሁ። ፃግብጂም ሄድሁ፣ አሠልጣኝ ሆኜ። የቀድሞ ባሌን ገበያ ላይ አየሁት። "እንዴት ከረምሽ" አለኝ፤ "ደህና፣ መንግሥት ይቀልበኛል" አልሁት። በየሄድሁበት ሴት ልጅ እንዝርት ስታነሣ በየትኛው እጇ እንደምታነሣ አያለሁ። ግራ የምታነሣ ካገኘሁ ደስ ይለኛል፤ እናቶች ግን ሲያፍሩ አያለሁና፣ "እጇን አትሠሪባት፣ ትፈትልበት" ብዬ እመክራቸው ነበር።

ያ የረኃብ ክፉ ቀን ሲመጣ፣ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት፣ በጎቹ አለቁ። ሱፍ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ሠልጣኞቹ አንድ በአንድ እርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም ሄዱ፣ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ጥሩወርቅ አንዷ ናት። ነፍሷን ይማር፤ ዳዊቱን በቃሏ ይዛ ነው የሄደችው። መንግሥቱም ሲለወጥ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። መወጠሪያዎቹን ለማገዶ ሲፈልጧቸው አንዱን ቋሚ ለምኜ አስቀረሁ። ዛሬ ልብስ ማስጫዬ ነው።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ልጄ ለሕክምና ደሴ ወሰደኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ተራ ስጠብቅ አንድ ጠጉሩ የነጣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ይስቃል። ሳቁን አወቅሁት። "አንተ የፍየል ሐሳብ!" አልሁት። ከድር ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን። ስለ ሁሉ ጠየቅሁት። በመጨረሻ፣ "ያን ሁለተኛ ስጋጃችንን ወዲያ ሲያዩት ምን አሉ?" አልሁት።

"ማን ናቸው የሚያዩት?" አለኝ።

"አለቆቹ ነዋ። እሱ አይደል ያስተረፈን?"

ከድር ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። "ወለላ፣ አልነገሯችሁም እንዴ? እኔ ደምሴን ያን ቀን ደሴ ይዤ ገብቼ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ነበር። ያን የተጣመመውን ዘረጉትና፣ 'ድሩን አዛንፌ የወጠርሁት እኔ ነኝ፤ ሴቶቹ ምንም አላጠፉም። መምህሩን አሰናብቱ፣ ቤቱን ተዉላቸው' አሉ። ሰዎቹም ተስማሙ፤ ርካሽ ነገር ነበር። በዚያው ተሰናበቱ። እስከ መስቀል ብቻ ይቆዩ ተባሉ።"

"ሁለተኛውስ?" አልሁት።

"እሱንማ ደምሴ ሰኔ ላይ አስጫኑኝ፣ 'ወስደህ ለእናትህ ስጥ' ብለው። እናቴ እስክትሞት ተኛችበት። 'ታዲያ ለምን ይደክማሉ?' ብላቸው፣ 'በእኔ ልመና መትረፋቸውን ካወቁ እጃቸው ይፈራል፤ በእጃቸው ተረፉ ብለው ይኑሩ' አሉኝ። ሁለተኛ ስጋጃ ሥሩ ብሎ ያዘዘ ሰው አልነበረም፣ ወለላ።"